ከፎርም ጋር ኮከባችን ለምን አልገጠመም?

እናንተዬ! ኮከብ መግጠም የሚባለው ነገር ለባልና ሚስት ብቻ ይመስላችኋል? የዘንድሮው ኮከብ እኮ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ከ«ሙሉ ስም» አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀይ ኮከብ፣ ከ«ስልክ ቁጥር» አጠገብ ቀይ ኮከብ፣ ከ«ኢሜይል» አጠገብ ቀይ ኮከብ... «ባለኮከቦቹን ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም» ይላል ጌታው ፎርም። ኮከቡ የገጠመለት ያልፋል፤ ያልገጠመለት ደግሞ እዚያው ተገትሮ «ምን አጠፋሁ?» እያለ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል።

መቼስ ዛሬ ፎርም የማይሞላ ሰው የለም። ሥራ ስትፈልጉ ፎርም፣ ፓስፖርት ስታወጡ ፎርም፣ የባንክ ሂሳብ ስትከፍቱ ፎርም፣ ኮርስ ስትመዘገቡ ፎርም... ዱሮ ቢሮ ድረስ ሄዶ «ነገ ተመለስ» መባል ነበር። አሁን ቤት ቁጭ ብሎ «ነገ ተመለስ» መባል ሆነ። «ሲስተሙ ተጨናንቋል፣ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» ማለት ያው «ነገ ተመለስ» አይደል? ልዩነቱ የዱሮውን ሰውዬ ቢያንስ መለማመጥ ይቻል ነበር። «ጋሼ በናትዎ፣ ከሩቅ ነው የመጣሁት» ይባላል፤ ጋሼም አንዳንዴ ይራራሉ። ፎርም ግን ጋሼ ቢሉት አይሰማ፣ እትዬ ቢሏት አትራራ!

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። በአንዲት ሳጥን ምክንያት ሥራ ያመለጠው አለ። መሙላት አቅቶት የገዛ ሚስጥሩን ለደላላ አሳልፎ የሰጠ አለ። «እኔ ፋራ ስለሆንኩ ነው» ብሎ አንገቱን የደፋም አለ። እኔ የምለው ግን፣ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ ጥፋቱ የሰዎቹ እግር ነው ወይስ የድንጋዩ?

የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም አይደለም!

እስቲ ከስማችን እንጀምር። አበበ የሚባል ሰው እናስብ (ያው በሶ የበላው!)። አበበ ፎርም ይከፍታል። «ፈርስት ኔም» ይለዋል፤ አበበ ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ «ላስት ኔም» ይመጣል። አሁን ጉድ ፈላ! የአባቱን ስም ይጻፍ ወይስ የአያቱን? ላስት ኔም ማለት በፈረንጅ አገር የቤተሰብ ስም ነው፤ ከአያት ቅድመ አያት ሲወራረድ የመጣ፣ ባል፣ ሚስትና ልጆች በጋራ የሚጠሩበት። እኛ ዘንድ ደግሞ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለ፤ በቃ። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር በልማዳችን የለም።

ታዲያ አበበ አንዱ ፎርም ላይ የአባቱን ስም በመጨረሻው ሳጥን ያገባል። ሌላው ፎርም ላይ «ሚድል ኔም» የሚባል ሳጥን መሐል ላይ ስለሚያይ አባቱን እዚያ ይጥልና አያቱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ለአበበ ሁለቱም እሱ ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው! አንደኛው ዲግሪ ያለው፣ ሌላው ፓስፖርት ያለው። ከዚያ በኋላ «እኔ እኔ ነኝ» ብሎ ማስረዳት የአበበ የቤት ሥራ ይሆናል።

ሚስቱን ብትጨምሩበት ደግሞ ይብሳል። የኛ አገር ሴት ስታገባ በባሏ ስም አትጠራም፤ የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። ልጃቸው ደግሞ «ላስት ኔም» ብሎ የሚጽፈው የአበበን የራሱን ስም ነው። ስለዚህ አባት፣ እናትና ልጅ ተያይዘው ሲመዘገቡ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይገኛሉ። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጉድ በደንብ ያውቁታል። «ልጁ የአንቺ ነው?» ተብላ ያልተጠየቀች እናት ታድላለች!

የፊደሉንስ ነገር ማን ያንሳው? ፀሐይ የምትባል ልጅ ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፍ አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ» ይጀምርላታል፣ ሌላው በ«ኤስ»። በአማርኛ ልጻፍ ብትልም ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ እያለ ይለያይባታል። «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም» የሚል መልስ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አንዳንዱ ፎርም ደግሞ ጭራሽ የአማርኛ ፊደል ስትነኩ «ልክ ያልሆነ ፊደል» ብሎ ይቆጣል። የአማርኛ ፊደል ልክ ያልሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው ጃል? የግዕዝ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደሎች መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከ25 ዓመት በላይ ሆነው እኮ! ምክንያት የለም።

መፍትሔው ደግሞ ከባድ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ለድረ ገጾቹ ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ ላይ የሚመክረው፣ ከተቻለ ለስም አንድ ሳጥን ብቻ አድርጉ፣ «ሙሉ ስም» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰውየው እንደ ልማዱ ይጻፍ ነው። የቤተሰብ ስም ያላቸው እንግሊዞች ይህን ካሉ፣ የሌለን እኛ «ላስት ኔም» እያልን የምንጨነቀው ለምንድን ነው?

በአንድ ጠቅታ 7 ዓመት ከ8 ወር ማርጀት

ቀጥሎ የልደት ቀን ይመጣል። እዚህ ላይ ሴቶች እህቶቼ በተለይ ልብ በሉ!

አንዲት ልጅ ጥር 12 ቀን 1990 ዓ.ም. ተወለደች እንበል። ፎርሙ «ቀን/ወር/ዓመት» ይላታል። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። እሷም እንደለመደችው 12/5/1990 ብላ ትሞላለች። ፎርሙ በፈረንጅ ይቆጥርና ሜይ 12 ቀን 1990 አድርጎ ይይዛታል። እውነተኛ ልደቷ ግን በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 1998 ነው። በአንድ ጠቅታ 7 ዓመት ከ8 ወር አረጀች! የፊት ቅባት ሻጮች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

አሁን ይህች ልጅ «ዕድሜ ከ30 ያልበለጠ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ላይ ተመዝግባ ከሆነ አለቀላት። ማመልከቻዋን ያየ ሰው ሳይኖር ኮምፒዩተሩ ራሱ ይጥላታል። እሷም «ሳይጠሩኝ ቀሩ» ብላ ዕድሏን ትረግማለች እንጂ የጣላት የቀን አቆጣጠር መሆኑን አታውቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። «ተሳስተሻል» የሚል ፎርም ቢያናድድም ደግ ነው፤ ዝም ብሎ የሚቀበል ፎርም ግን ክፉ ነው።

ጥቅምት 30 የተወለደው ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል። 30/2 ብሎ ሲጽፍ ፎርሙ ፌብሩዋሪ መስሎት «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይለዋል። ተወልዶ ያደገበትን ቀን የለም! በጳጉሜ የተወለዱትማ አይነሱ። 13 ወር ጸጋ ያለን ሕዝቦች 12 ወር ብቻ የተደረደረበት ፎርም ፊት ስንቆም 13ኛዋ የት ትግባ? አንድ የጳጉሜ ልጅ ወዳጄ «እኔ በኢንተርኔት ዓለም አልተወለድኩም» እያለ ይቀልዳል።

መድኃኒቱ አንዲት መስመር ጽሑፍ ናት፤ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ወይም «በአውሮፓ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍ። የተሻለው ደግሞ ሁለቱንም አማራጭ ሰጥቶ ማስላቱን ለኮምፒዩተሩ መተው ነው። ኮምፒዩተር የሚባለው እኮ የሚያሰላ ማሽን ነው! አስልቶ የሚሞላው ሰው ከሆነ ማሽኑ ምን ሊሠራ ነው የተቀመጠው?

ስልክ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ለብዙ ዓመታት የሞባይል ቁጥራችን በ09 ይጀምር ነበር። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲጀምር 07 መጣ። ከዚያም በኋላ ግን «ትክክለኛ ስልክ ያስገቡ» እያሉ 07ን የሚመልሱ ፎርሞች ገጥመውኛል። ሰውየው ስልኩን በእጁ ይዞታል፣ እየተደወለለት ነው፣ ፎርሙ ግን «ይህ ስልክ አይደለም» ይለዋል!

ዝርዝር ውስጥ ምረጡ የሚሉትም አሉ። «የትምህርት ደረጃ» ይልና ዲፕሎማ፣ ዲግሪ፣ ማስተርስ፣ ዶክተሬት ብሎ ይደረድራል። 12ኛ ክፍል ያጠናቀቅነው የት እንግባ? «ሌላ» እንኳን የለም። እንግዲህ ወይ ዋሽ ወይ ውጣ ነው። ሰውን ውሸት የሚያስገድድ ፎርም ነገ «መረጃው ትክክል አይደለም» ብሎ ቢያማርር ማን ይሰማዋል?

«ኤዲት፣ ባዶ... ኤዲት፣ ባዶ...»

እስካሁን ያወራሁት ዓይናችን እያየ ስለሚያጋጥመን ነው። ዓይናቸው ለማያይስ?

ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም አለ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። ዓይነ ስውራን ኮምፒዩተርና ስልክ የሚጠቀሙት በዚህ ነው። አንዱ ኤንቪዲኤ ይባላል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ጀመረው፤ ጄምስ ቴ የሚባል ሌላ ዓይነ ስውር ባለሙያ አብሮት ሠራው፤ ለማንም በነጻ ነው የሚሰጠው። ስልክ ላይም አለ፤ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል።

ፕሮግራሙ ሳጥኑ ጋ ሲደርስ ስሙን እንዲያነብ ፎርም ሠሪው ሳጥኑን ከስሙ ጋር ማያያዝ አለበት። «ሙሉ ስም» የሚለው ጽሑፍ ለዓይን አጠገቡ ስለተቀመጠ ብቻ ኮምፒዩተሩ የሱ መሆኑን አያውቅም። ካልተያያዘ ፕሮግራሙ የሚለው «ኤዲት፣ ባዶ» ብቻ ነው። መጻፊያ ቦታ ነው፣ ባዶ ነው ማለቱ ነው። ወደሚቀጥለው ስትሄዱ «ኤዲት፣ ባዶ»፤ አሁንም «ኤዲት፣ ባዶ»... አስር ሳጥን፣ አስር ጊዜ «ባዶ»! የትኛው ስም ነው? የትኛው ስልክ? እንግዲህ በግምት።

አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ዓይነ ስውር ነው፤ የሕግ ምሩቅ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ በትምህርቱም ጎበዝ የሚባል። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ያወጣው ክፍት የሥራ ቦታ ላይ ሊመዘገብ ይቀመጣል። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን ማታ 12 ሰዓት ነው። ሳጥኖቹን እየገመተ፣ እየሳተ፣ እየመለሰ ሞላቸው። የልደት ቀኑን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ ሁሉንም ጨረሰ። ደስ ብሎት «ላክ» ሲል ምን መጣ መሰላችሁ? «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ። የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ሁሉ ይምረጡ።»

ሥዕል! ለዓይነ ስውር!

ይህ ነገር ካፕቻ ይባላል። ስሙን ያወጡለት በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎችና ባልደረባቸው ናቸው፤ ዓላማው ሰውን ከማሽን ለመለየት ነበር። (ሥዕሎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ከተማ ናቸው። ያቺን የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ቀይ ቧንቧ በፎቶ ካልሆነ በእውን አይቷት የሚያውቅ እጁን ያውጣ!) ለዓይነ ስውራን ተብሎ የተቀመጠው የድምፅ አማራጭም ጫጫታ የበዛበት የእንግሊዝኛ ድምፅ ነው፤ ያውም ካለ ነው።

ልጁ ወጥቶ ጎረቤት ያለ ታዳጊ ጠራ። ታዳጊው እስኪመጣ «ጊዜዎ አልቋል፣ እንደገና ይጀምሩ» አለ ፎርሙ። የሞላው በሙሉ ጠፋ። እንደገና ሲጀምሩ 12 ሰዓት ሞላ፤ ምዝገባው ተዘጋ።

«ፈተናውን ወድቄ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር» አለኝ። «ይወዳደረኝ የነበረ ሰው በልጦኝ ቢሆን እጁን ጨብጬው እሄዳለሁ። እኔን ግን ማንም አልበለጠኝም። በሩ ላይ ነው የቀረሁት።»

ምን ትሉታላችሁ? እኔ ምንም አላልኩትም። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ ሕንፃና መንገድ ብቻ ሳይሆን የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂም ለአካል ጉዳተኞች ክፍት እንዲሆን ይላል። ስለዚህ ልጁ የሚለምነው ውለታ አይደለም፤ መብት ነው።

ደግሞም ይህ የዓይነ ስውራን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስህተትን በቀይ ቀለም ብቻ የሚያሳይ ፎርም ቀይና አረንጓዴ መለየት ለሚቸገር ሰው ምንም አይነግረውም፤ ይህ ችግር ያለባቸው ደግሞ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሳጥን ውስጥ ፈዞ የተጻፈው መመሪያ መጻፍ ስትጀምሩ ብን ብሎ ሲጠፋ የሚጨነቀው ሁላችንም ነን። ፊደሉን ለማየት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚፈልጉ እናትና አባት የሌሉት ማነው? ኔትወርክ የተቆረጠበት፣ መብራት የጠፋበት፣ እጁ የተሰበረ፣ ሕፃን ያቀፈች እናት... አካል ጉዳተኛውን ያሰበ ፎርም ሁሉንም ያስባል።

ማመልከቻ ጸሐፊው በላፕቶፕ ተመለሰ

ፍርድ ቤትና ቀበሌ አካባቢ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች ታስታውሳላችሁ? ባለጉዳዩ ይናገራል፣ እነሱ ይጽፋሉ፣ ሳንቲማቸውን ይቀበላሉ። ኮምፒዩተር ሲመጣ የሚጠፉ መስሎን ነበር። የት ጠፍተው! ወረቀቱን በላፕቶፕና በስልክ ቀይረው ተመለሱ እንጂ።

ዲቪን ውሰዱ። ከ2003 እ.ኤ.አ. የምዝገባ ወቅት በፊት በፖስታ ነበር የሚላከው፤ ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ያኔ በየኢንተርኔት ካፌው የነበረው ሰልፍ ትዝ ይለኛል። ፎቶው በፒክስልም በክብደትም የተወሰነ መጠን ያለው ይሁን ይባል ነበር፤ ይህን በቤቱ የሚያስተካክል ስንት ሰው ነበር? ፎርሙ ከተከፈተ በኋላ የሚሰጠው ጊዜ 60 ደቂቃ ነበር፤ ግማሹን አስቀምጦ ነገ መቀጠል የለም። ስለዚህ ሰው ወደ ካፌ ሄደ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በመመሪያው ላይ «ራሳችሁ ሙሉ፣ የማረጋገጫ ቁጥራችሁን ራሳችሁ ያዙ» እያለ ይመክር ነበር። ግን ራስን ችሎ መሙላት የማይቻልበት ፎርም አስቀምጦ «ራስህ ሙላ» ማለት፣ መሰላሉን ወስዶ «ና ውጣ» እንደማለት አይሆንም?

የሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። እኛ «እማማ» ነው የምንላቸው። ዓረብ አገር ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ፓስፖርት ማውጣት ፈለጉ። አንድ ፎርም የሚሞላ ልጅ ዘንድ ሄዱ። ልጁ ሞላላቸው፤ ስልክና ኢሜይል የሚለው ጋ ግን የራሱን አገባ። እማማ ምን ያውቃሉ? የቀጠሮው መልእክት የሚሄደው ለልጁ ስልክ ሆነ። «ቀጠሮዬ መቼ ነው?» ሲሉት ክፈሉ፣ «ምን ደረሰ?» ሲሉት ክፈሉ። የእማማ ጉዳይ የልጁ ንብረት ሆኖ ቁጭ አለ።

«ልጄ፣ እኔ ማንበብ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደል ቆጥሬያለሁ ብዬ ኮርቼ ነበር። ይሄ ነገር እንደገና መሃይም አደረገኝ» አሉኝ።

ይህን ስሰማ አንጀቴ ነው የተላወሰው። በስተርጅና ፊደል የቆጠሩን እናት እንደገና መሃይም የሚያደርግ ነገር ሥልጣኔ ይባላል እንዴ?

ለነገሩ ሁሉም ሞይ ሌባ አይደለም። ብዙዎቹ በላባቸው የሚያድሩ ወጣቶች ናቸው። ግን ሰው ለማያውቀው ሰው የልደት ቀኑን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የሚስጥር ቃሉን ዘርግፎ እንዲሰጥ የሚያስገድደው የፎርሙ ክፋት ነው።

ያልተመዘገበ አይገዛም?

ዘንድሮ በስልኩ ዕቃ የሚሸጥ ወጣት በዝቷል። ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶ፣ ኬክ... እናንተን ነው የማናግረው! «መጀመሪያ ይመዝገቡ» የሚለው በር ስንት ገዢ እንደሚመልስባችሁ ታውቃላችሁ?

ጃሬድ ስፑል የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ በ2009 እ.ኤ.አ. የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። አንድ ትልቅ የኢንተርኔት መደብር ገዢው ዕቃውን መርጦ ሊከፍል ሲል «ይመዝገቡ» የሚል ፎርም ያመጣበት ነበር። ባለቤቶቹ ደንበኛን የጠቀሙ መስሏቸው ነው። ሰዎች ግን «ዕቃ ልገዛ እንጂ ልዛመድ አልመጣሁም» ብለው ይሄዱ ነበር። መደብሩ «ይመዝገቡ» የሚለውን ቁልፍ አውጥቶ «ይቀጥሉ» በሚል ተካው፤ ለመግዛት መመዝገብ እንደማያስፈልግ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍም ጨመረበት። ገዝተው የጨረሱ ደንበኞች በ45 በመቶ ጨመሩ። በመጀመሪያው ወር 15 ሚሊዮን ዶላር፣ በመጀመሪያው ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ሽያጭ! በአንዲት ቁልፍ!

መንግሥትም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። አሜሪካኖች ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የሚባለውን የጤና መድን ድረ ገጻቸውን ሲከፍቱ ሚሊዮኖች ጎረፉ። ጎብኚው ዋጋ እንኳን ሳያይ መጀመሪያ አካውንት እንዲከፍት ይጠየቅ ስለነበር መግቢያው ላይ ተጨናነቀ። ሌላም ችግር ተደራርቦበት በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው የጨረሱት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስድስት! ባለጸጋዋ አሜሪካ በበር ምክንያት እንዲህ ከሆነች እኛ ምን እንጠንቀቅ!

እስቲ ትንሽ ምክር

ፎርም ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፦

1ኛ፦ የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ። ኬክ ላዘዘ ሰው የጋብቻ ሁኔታው ምን ያደርግላችኋል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ለሥራው የማያስፈልግ የሰው መረጃ ማከማቸት ዛሬ ነውር ብቻ ሳይሆን በሕግ የሚያስጠይቅ ነው።

2ኛ፦ ስህተት ሲኖር ምኑ እንደተሳሳተ ንገሩት። «ስህተት ተፈጥሯል» አይባልም። «ስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ጎድሎታል» ይባላል። የሞላውንም አታጥፉበት!

3ኛ፦ ሳጥኑንና ስሙን አያይዙ፤ ጽሑፉም ከሳጥኑ ውጭ ይሁን፤ ስህተትን በቀለም ብቻ ሳይሆን በቃልም አሳዩ።

4ኛ፦ ጊዜ ሊያልቅ ሲል አስጠንቅቁ፣ ማራዘሚያም ስጡ። የድረ ገጽን ሥርዓት የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ ያወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በኦክቶበር 2023 ባወጣው አዲስ መመሪያ ደግሞ በአንድ ጉዳይ ላይ ሰውን አንድ ጥያቄ ሁለቴ አትጠይቁ፣ ለመግባትም እንቆቅልሽ ብቻ አታቅርቡ ይላል። እንቆቅልሽ ለምሽት ጨዋታ ነው!

5ኛ፦ ዋናው ይሄ ነው። ከመልቀቃችሁ በፊት እናታችሁን አስሞሏት። ከኋላዋ ቆማችሁ እጃችሁን አጣጥፉ፣ አትንገሯት። የቆመችበት ቦታ ሁሉ የናንተ ጥፋት ነው። ቀጥሎ ስልካችሁ ላይ ቶክባክን ክፈቱ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑና የገዛ ፎርማችሁን ሙሉት (አንዴ ሲነኩት ያነባል፣ ሁለቴ ሲመቱት ያዛል)። «ኤዲት፣ ባዶ» ካላችሁ ወደ ሥራ ተመለሱ!

ለምትሞሉ ደግሞ፦ ስማችሁን በፓስፖርታችሁ ወይም በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለ፣ አንዲት ፊደል ሳትቀይሩ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ጻፉ። ልደታችሁን በሁለቱም አቆጣጠር አስልታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ሌላ ሰው ቢሞላላችሁም ስልኩና ኢሜይሉ የራሳችሁ ይሁን፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን እዚያው ፎቶ አንሱት። በስልክ የሚላክላችሁን የሚስጥር ቁጥር ለማንም፣ ለእጮኛችሁም ጭምር፣ አትንገሩ። ቤት ውስጥ ለእማማና ለአባባ የምትሞሉ ልጆች ደግሞ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እያነበባችሁላቸው ሙሉ። ጉዳዩ የነሱ ነው፤ እናንተ እጅ ናችሁ እንጂ ባለቤት አይደላችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎርም ሲያስቸግራችሁ «እኔ አላውቅም» ብላችሁ አንገት አትድፉ። ደውሉ፣ ጻፉ፣ «ይሄ ሳጥን አይሠራም» ብላችሁ ንገሯቸው። ያልተነገረው ሠሪ ሁሉም ሰላም ይመስለዋል። አበሻ ሲባል ይሉኝታ ያጠቃዋል፤ በር ተዘግቶበትም «አይ፣ ደህና ነው» ይላል። ያ የሕግ ምሩቅ ወዳጄ ግን ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጽፏል፤ መልስ አልመጣለትም፤ ሁለተኛውን እየጻፈ ነው።

ኮከብ ባይገጥም ኖሮ ማንም አይጋባም ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች፤ ሰው ነው የሚያስማማው። የፎርሙንም ኮከብ የሳለው ሰው ነው፤ የሚያስተካክለውም ሰው ነው።

እስከ ሳምንት፣ የምትሞሉት ፎርም ሁሉ የሚያልፍ ይሁንላችሁ። ቸር ሰንብቱ!